ካስማው ጠሞ አላስችል አለኝ

ከሱሉልታ በሚወርደው ታክሲ፣ ከፊቴ ያለችው ወጣት አጠገቧ የተቀመጡትን ሽማግሌ ክንዳቸው ላይ ስለተለጠፈው ጥጥ ጠየቀቻቸው።

«ኦቦ፣ ደም ለግሰው ነው?»

«ለምርምር ነው ልጄ። ራሱን ሊያጠፋ ያሰበ የድሮ ወታደር በደሙ ይታወቅ እንደሆነ ሊያዩ ነው።»

«ይታወቃል እንዴ?»

«ገና ነው አሉ። የእኔን ግን እድርተኞቼ ያለ መርፌ አወቁት።»

«በምን?»

«ውሻዬን ለጎረቤት ሰጠሁ። በማግስቱ ድንኳን ተሸክመው ግቢዬ ገቡ።»

«ውይ! ማን ሞቶ?»

«እኔም እንደዚያ ብዬ ጠየቅኩ። ‹አንተ ነሃ! ሳትቀድመን ልናለቅስልህ መጣን› አሉኝ።»

«እርስዎስ ምን አሉ?»

«ካስማውን አጣመው ሲተክሉት የወታደር ዓይኔ አልችል አለ። ነቅዬ እንደገና ተከልኩት። ከዚያማ የራሴን ለቅሶ ንፍሮ እየበላሁ አብሬያቸው ስስቅ አመሸሁ።»

«ውሻዋስ?»

«መለሱልኝ፤ ወልዳለች። አንድ ቡችላ ልስጥሽ?»

«ኧረ ኦቦ! ደግሞ መስጠት ጀመሩ?»

«አይዞሽ፣ እናትየዋን አልሰጥም።»

ወታደር የነበረው አጎቴ ባለፈው እሁድ ከላዩ አውልቆ የሰጠኝን ካፖርት እንደለበስኩ ከታክሲው ወረድኩና፣ ወደ እሱ ቤት ወደ ጫንጮ የሚመለሰውን ያዝኩ።