ኪስ ውስጥ የሚገባው ድልድይ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆች፣ መሐንዲስ ማለት በእጁ የሚስል ነበር። ጠረጴዛ፣ ረጅም ማስመሪያ፣ የተቀረጸ እርሳስ፣ በቃ! እና እኔ እዚህ ጭሮ፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ድሮዊንግ ሳስተምር፣ ታዲያ በቀደም አለቆቻችን ምን አሉን? «መምህራን ሁሉ በኮምፒውተር መሳል ይማሩ፤ ፈተናውን ያላለፈ ኮርሱን ለወጣት መምህር ያስረክባል!» ደነገጥኩ፣ ምን እዋሻችኋለሁ! ድሮዊንግን ከወሰዱብኝ ምን ቀረኝ? ልጆቼን እንኳ እንደሱ ተጠንቅቄ አላሳደግኳቸውም።

አሰልጣኟ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ሐዊ! የገለምሶዋ፣ እኔው ያስተማርኳት። «ጋሼ፣ የሚያውቁትን ድልድይ ይሳሉልኝ፤ ፈተናው እሱ ነው» አለችኝ። እና የሂርናን መንገድ ድልድይ ሳልኩት፣ ምሰሶው፣ መደገፊያው፣ ምኑም አልቀረኝም። ከጎኔ ጋሽ ሙሜ፣ እኩያዬ መምህር ነው፣ «አቦ፣ አሳመርከው!» ይለኛል።

ሐዊ መጣች፣ አየች። «ጋሼ፣ በዚህ ላይ ማነው የሚያልፈው?»

«የጫት አይሱዙ ነዋ! በዚህ መንገድ ሌላ ማን አለ?»

«ጎማው ብቻውን ከድልድዩ ይበልጣል እኮ! ይሄ ኮትዎ ኪስ ውስጥ ይገባል።»

ለካ ኮምፒውተር ላይ የሚሳለው በእውነተኛ ልኩ ነው! እኛ ደግሞ ዕድሜ ልካችንን፣ ወረቀቱ እንዲበቃን፣ ልኩን ለመቶ እያካፈልን ነው የሳልነው፤ እና እጄ እኔን ሳይጠይቅ አካፍሎታል። ጋሽ ሙሜ ሳቀ፣ ሳቀ፣ እንባው ወረደ። «ወላሂ፣ ለጉንዳን ነው የሠራኸው!» ታዲያ ሐዊ ዞር አለችና «የእርስዎስ?» አለችው። የእሱማ ብሶ! ለሁለት መቶ ነው ያካፈለው፤ ጉንዳኗ ራሷ ተራ ጠብቃ የምታልፍበት! እኔም በተራዬ ሳቅሁበት፣ አቤት ደስ ሲል!

«አሁን ራስዎ ያስተካክሉት» አለችኝ። መቶ እጥፍ አሳደግሁት። ድልድዬ ጠፋ!

«ሐዊ፣ የት ሄደ?»

«ትልቅ ሆኖ ነው፤ ራቅ አድርገው ይዩት።»

ወንበሬን ወደ ኋላ ሳብኩ።

«ኧረ ስክሪኑ ላይ፣ ጋሼ!»

ብቻ ምን አለፋችሁ፣ አለፍኩ። ጋሽ ሙሜም አለፈ፤ በእኔ እርዳታ ነው፣ እሱ ግን አያምንም።

— ጋሼ፣ — አለ ሲያዳምጥ የነበረ አንድ ወጣት — ኮርሱ ሊሰጠው የነበረው ወጣት መምህር እኮ እኔ ነኝ።

— አውቃለሁ እንጂ! አንተ ባታሰፈስፍበት ኖሮ እኔ መቼ እማር ነበር?