በሦስት ውኃ የታጠበው አረም

(ጅቡቲ፣ ከባሕሩ ፊት ለፊት ባለች የኪራይ ቤት፤ ትርሲት ለጥናቷ ከባሕር ያወጣችው አረም ታጥቦ ወንፊት ላይ ተሰጥቷል፤ ለሳምንት ጥየቃ ከድሬዳዋ መጥታ ወራት ያስቆጠረችው አክስቷ ይርገዱ እጇን ታደርቃለች፤ ሻንጣዋ በሩ ጋ ቆሟል።)

ትርሲት፦ እቴቴ፣ አጠብኩት እንዳትዪኝ።

ይርገዱ፦ ያውም በሦስት ውኃ። ጎመን እንኳ እንዲህ አጥቤ አላውቅም። ያሙለጨልጭ ነበር እኮ።

ትርሲት፦ የማጠናው ያንን የሚያሙለጨልጨውን ነው። ነገ መምህሬ ሊያየው ይመጣል።

ይርገዱ፦ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ይህን ሁሉ ዓመት የተማርሽው እድፍ ነው?

ትርሲት፦ እድፍ አይደለም፤ አልጌ ነው፣ በዓይን የማይታይ። ውኃው ያመጣውና አረሙ ላይ ያርፋል። ቦታው ከተመቸው ሙጫ ያወጣል፣ ይጣበቃል፣ ይራባል።

ይርገዱ፦ አረሙ ሳይጠራው?

ትርሲት፦ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት።

ይርገዱ፦ መጣ፣ አረፈ፣ ተመቸው፣ ተጣበቀ። የማውቀው ሰው መሰለኝ።

ትርሲት፦ እኔ ስም አልጠራሁም።

ይርገዱ፦ አረሙስ ዝም ይላል?

ትርሲት፦ ሲበዙበት ፀሐይ ይጋርዱታል። አንዳንዱ አረም ታዲያ የላይ ቆዳውን ከነእነሱ ገፍፎ ይጥላል።

ይርገዱ፦ እንግዳ ፊት ወርቅ፣ ኋላ ብር፣ ኋላ ጨርቅ። ገባኝ፣ ልጄ። እኔም የነገውን ባቡር አስቤያለሁ። አረምሽን ያጠብኩት ሳልሄድ አንድ ነገር ላግዛት ብዬ ነበር።

ትርሲት፦ ሂጂ ማን አለሽ? ነይ፣ በማይክሮስኮፑ እዪ።

ይርገዱ፦ አጥቤው ደግሞ ምን ሊታይ... ውይ። እነዚህ ጀልባ ጀልባ የሚመስሉት ምንድን ናቸው?

ትርሲት፦ እነሱ ናቸው። ብዙዎቹን ጠራርገሻቸዋል፤ እነዚህ ግን አልለቀቁም።

ይርገዱ፦ በሦስት ውኃ አሽቼ? የማን ዘር ናቸው እቴ።

ትርሲት፦ ያንቺ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ይርገዱ፦ አትቀልጂብኝ። ባሌ ከሞተ ወዲህ የድሬው ቤት ይጨንቀኛል። ያንቺ ደግሞ ጠባብ ነው።

ትርሲት፦ መጥበቡንስ ጠባብ ነው። አንቺ ሳትመጪ ግን እኔም ወደዚህ ቤት ለመመለስ አልቸኩልም ነበር። ጠዋት ባሕሩ ሲሸሽ፣ መምህሬ ሳይመጣ፣ ሌላ አረም እናወጣለን። ባልዲውን አንቺ ትይዣለሽ፤ ብቻ የቧንቧ ውኃ እንዳታስነኪብኝ። በይ አሁን ሻንጣሽን ፍቺ።

ይርገዱ፦ ምኑን ነው የምፈታው? ባዶውን እኮ ነው በር ላይ ያቆምኩት።