ኮምፒውተሩ በርቶ ይደር

ከባምባሲ ወደ አሶሳ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ ላፕቶፕ ያቀፈ ወጣትና አንዲት እናት ተቀምጠው ሲያወሩ ሳልፈልግ ሰማኋቸው።

«ደክሞሃል ልጄ። ሥራህ ምንድነው?»

«የመንግሥት ቢሮ ኮምፒውተሮች የሚሠሩበትን ሲስተም በአዲስ እቀይራለሁ፣ እናቴ።»

«ወረዳ ለወረዳ እየዞርክ?»

«ድሮ እንደዚያ ነበር። አሁን አቅልለነዋል። አሶሳ ቁጭ ብዬ አንዴ ካዘዝኩት፣ ሠራተኛው ከወጣ በኋላ ሁሉም በራሱ ይቀየራል።»

«ታዲያ መንገድ ላይ ምን ትሠራለህ?»

«ኮምፒውተሩ በርቶ ማደር አለበት። እነሱ ግን አጥፍተው፣ በጥልፍ ጨርቅ ሸፍነው፣ በሩን ቆልፈው ይሄዳሉ።»

«አትነግራቸውም?»

«ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ደወልኩ። ምን ዋጋ አለው? መጀመሪያ ሳሠለጥናቸው ‹ስትወጡ አጥፉት፣ አቧራ እንዳይገባው ሸፍኑት› ያልኳቸው እኔው ነኝ። ከአምስት ቀን ሥልጠና የያዙት እሷን ብቻ ነው።»

«ውይ ልጄን! ዛሬስ አበራህላቸው?»

«የት አግኝቼ! ቁልፍ የያዘው ሰውዬ ለግል ጉዳዩ አሶሳ ሊሄድ አሁን ወጣ አሉኝ። ይህን ሁሉ መንገድ መጥቼ ጨርቁን እንኳ ሳላይ ተመለስኩ። ነገም መምጣቴ ነው።»

«ልጅ አለህ?»

«አንድ አለኝ። ትናንት ስገባ ‹እማዬ፣ እንግዳ መጥቷል› ብሎ እናቱን ጠራት።»

«አብሽር ልጄ፣ አብሽር።»

ኪሴ ውስጥ ያለውን የቢሮ ቁልፍ ጨብጬ፣ አሶሳ እስክንገባ ድረስ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ።