የወይዘሮ ሱሀይላ ሙሰዓብ የሕይወት ጉዞ፣ ጣውንታቸው እንዳነበበችው

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ከዚህ ከሐርጌሳ ሰፈሮች፣ ከጅግጅጋ ያርም ከጋአን ሊባህም፣ ሱቃችሁን ዘግታችሁ፣ ሥራችሁን ትታችሁ ለተዕዚያ፣ ለማጽናናት የመጣችሁ እናቶቼና እህቶቼ፣ አላህ ምንዳችሁን ይክፈላችሁ። ወንዶቹ በውጭው ድንኳን ዱዓ በሚያደርጉበት በዚህ ሰዓት፣ እኛ ሴቶቹ በተቀመጥንበት የወይዘሮ ሱሀይላ ሙሰዓብን የሕይወት ታሪክ እንዳነብ አደራ የተጣለብኝ እኔ ዊዳድ ነኝ። ለሟቿ ማን እንደሆንኩ አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ፤ ለማታውቁት ልንገራችሁ፣ የአቶ ፉዓድ ሁለተኛ ሚስት፣ የእሳቸውም ጣውንት ነኝ። የማነበውን ስትሰሙ ይህን እያሰባችሁ ስሙኝ።

ወይዘሮ ሱሀይላ ከአባታቸው ከአቶ ሙሰዓብና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጣይባ በ1965 ዓ.ም. በኮምቦልቻ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ልብስ ሰፊ፣ እናታቸው የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በተወለዱበት ከተማ ትምህርት ቤት ገብተው እየተማሩ ሳለ፣ አስተማሪያቸው ጠዋት ጠዋት ሰሌዳው ላይ ቀኑን የምታስጽፋት አንዲት የክፍል ጓደኛቸው ነበረች፤ የዚያች ልጅ የእጅ ጽሕፈት ከሁሉም ያምር ነበርና። ወይዘሮ ሱሀይላ በዚህ እንቅልፍ አጡ። የግቢያቸውን ግድግዳ በከሰል እየሞሉ፣ እናታቸው እየተቆጡ በኖራ ሲያስቀቡት እንደገና እየሞሉ፣ ዓመቱ ሳያልቅ ጠመኔውን ከጓደኛቸው እጅ ወሰዱት። ይህን ታሪክ ራሳቸው ሲያወሩት፣ «ሥዕል ያስተማረኝ ማነው ብትሉኝ፣ ቅናት ነው» ይሉ ነበር። ያቺ ልጅ ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነች ግን አንስተው አያውቁም።

ሁለተኛ ደረጃን እንዳጠናቀቁ አዲስ አበባ ሄደው የሥነ ጥበብ ትምህርት ተከታትለው፣ በፒያሳ አካባቢ በነበረ አንድ የማስታወቂያ ድርጅት የሱቅ ታፔላ በመጻፍ ሥራ ጀመሩ። የመኪና መለዋወጫ ይነግዱ የነበሩት አቶ ፉዓድ ታፔላ ሊያሠሩ መጥተው ነው የተዋወቋቸው፤ በ1989 ዓ.ም. በኒካሕ ተጋብተው በተከታዩ ዓመት ልጃቸውን ሀይደርን ወለዱ። አቶ ፉዓድን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ፤ ጨዋ፣ ዝምተኛ፣ ጥርሳቸው በቀላሉ የማይታይ ሰው ናቸው። ይህ ጠባያቸው ለታሪካችን አስፈላጊ ስለሆነ ነው ያነሳሁት።

በ1992 ዓ.ም. በብዙ አገሮች ቅርንጫፍ ያለው አንድ የማስታወቂያ ድርጅት ወይዘሮ ሱሀይላን ለናይሮቢ ቢሮው ቀጠራቸው። እዚያ ሳሉ ለአንድ የባትሪ ድንጋይ ያዘጋጁት ማስታወቂያ ስማቸውን አስጠራው። አንድ ሽማግሌ ሬዲዮአቸው አልዳከም ብሎ እንቅልፍ ሲነሳቸው ትራስ ሥር ይቀብሩታል፣ ሣጥን ውስጥ ይቆልፉበታል፤ በመጨረሻ ለጎረቤት በስጦታ ሰጥተው እፎይ ብለው ሲተኙ፣ ያው የኳስ ጨዋታ በግድግዳው በኩል ይሰማቸዋል። በዚያ ማስታወቂያ ያልሳቀ የምሥራቅ አፍሪካ ሰው አልነበረም ይባላል። ከዚያ በኋላ ወደ ዱባይ ተዛውረው፣ ማስታወቂያው ከሐሳቡ ጀምሮ ምን እንዲታይበት፣ ምን እንዲባልበት የሚወስን ኃላፊ፣ እነሱ «ክሪኤቲቭ ዳይሬክተር» የሚሉት ሆኑ። ከእሳቸው ሥር የሚሠሩት ከስንት አገር የተሰበሰቡ ሠዓሊዎችና ጸሐፊዎች ነበሩ። የሌላ ድርጅት ማስታወቂያ ጥሩ ሆኖ ሲያገኙት ምሳ አይበሉም፤ ቢሯቸውን ዘግተው ይቀመጡና፣ ሲሻላቸው ለሠሪው ስልክ ደውለው «ቀናሁብህ» ይሉታል። ከእሳቸው አፍ ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና ወጥቶ እንደማያውቅ አብረዋቸው የሠሩ ሰዎች በስልክ ነግረውኛል።

አቶ ፉዓድ ደግሞ ከዱባይ በበርበራ ወደብ በኩል ወደ ሐርጌሳ መለዋወጫ ማስገባት ጀምረው፣ ከዓመቱ የሚበዛውን ጊዜ እዚሁ ከተማ ያሳልፉ ስለነበር፣ በ1999 ዓ.ም. እንደ እነሱ ከኢትዮጵያ መጥቼ እዚሁ ከምነግደው ከእኔ ጋር ኒካሕ አሰሩ። ለወይዘሮ ሱሀይላ ወሬው የደረሳቸው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ከባለቤታቸው ሳይሆን ከሰው ነው። በዚያው ሳምንት ዱባይ ላይ ሥራቸውን ለቀቁ፤ አለቃቸው ደመወዝ ለማስጨመር መስሏቸው ነበር ይባላል። በ2001 ዓ.ም. ሐርጌሳ ገቡና፣ ሻንጣቸውን እንደያዙ ከአውሮፕላን ማረፊያው በቀጥታ ጋአን ሊባህ ወዳለው የሴቶች ልብስ ሱቄ መጡ።

እኔ ማን መሆናቸውን አላወቅሁም። ሻርፕ አስወርደው አገላብጠው ሲያዩ፣ ደንበኛ ላለማጣት፣ «ይህን ቀለም ይውሰዱት፤ ባሌ በጣም ይወደዋል» አልኳቸው።

«ባልሽ ሌላ ምን ይወዳል?» አሉኝ።

«መጫወት ይወዳል። ሥራ ሲውል ዝም ብሎ ነው፤ ማታ ማታ እዚህ መጥቶ ተቀምጦ ይስቃል።»

ሻርፑን ሳይከራከሩ ገዙት። ማምሻውን አቶ ፉዓድ ያንን ሻርፕ የመጀመሪያ ሚስታቸው ራስ ላይ እንዳዩት የሆኑትን መሆን ለእናንተ እተወዋለሁ።

ወይዘሮ ሱሀይላ ሲመጡ ለማየት ነበር፤ ካዩ በኋላ ግን አልተመለሱም። አሕመድ ዳጋህ በሚባለው ሰፈር ቤት ተከራይተው፣ ጅግጅጋ ያር ውስጥ ከአንድ ካፌ ፎቅ ላይ የማስታወቂያ ቢሮ ከፈቱ። የመጀመሪያ ሥራቸው ያለ አንዳች ክፍያ የተሠራ ነበር። ከእኔ ሱቅ ፊት ለፊት ዳሀቦ የምትባል ሴት ትንሽ፣ ገበያ የራቃት የልብስ ሱቅ ነበራት። እንደምታውቁት እዚህ አገር ሱቅ የሚሸጠውን ግድግዳው ላይ ያስላል፤ ሩዝ ያለው ሩዝ፣ ጫማ ያለው ጫማ። ወይዘሮ ሱሀይላ በዳሀቦ ግድግዳ ላይ አንድም ቀሚስ አልሳሉም። የሳሉት በረድፍ የተቀመጡ ባሎችን ነው፤ አንዱ አፉን ከፍቶ ያንቀላፋል፣ አንዱ ሰዓቱን ያያል፣ አንዱ የሚስቱን ቦርሳ ጭኑ ላይ አቅፎ ሰማይ ሰማይ ያያል። ከላያቸው በሶማልኛ «ትወጣለች፤ ታገሥ» የሚል ተጽፏል። በተሳሉት ባሎች መሃል ክፍት ቦታ ትተው፣ በዚያ ልክ እውነተኛ አግዳሚ ወንበር አስቀመጡና የሻይ ሻጭ አጠገቡ አቆሙ። ወንዶቹ ፎቶ ለመነሳት መጡ፣ ለሻይ ተቀመጡ፣ ሚስቶቻቸውም ተከትለዋቸው መጡ። የእኔ ሱቅ ጭር አለ። አንድ ቀን ከአስር ሶላት በኋላ ቀና ብዬ ብመለከት፣ አቶ ፉዓድ ከተሳሉት ባሎች መሃል ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። ይስቁ ነበር።

በማግስቱ በሚኒባስ ጅግጅጋ ያር ወጥቼ ቢሯቸው ገባሁ። እዚያ የተባባልነውን ሳልቀንስ እንዳነብ ራሳቸው ስላዘዙኝ፣ እነሆ።

«እትዬ ሱሀይላ» አልኳቸው፣ «እርስዎ ሦስት አገር ያሳቁ ሰው ነዎት ይባላል። ከእኔ ከአንዲት ባለሱቅ ጋር ምን ያጋፋዎታል?»

«አንቺ ባሌን አሳቅሽው» አሉ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ከተጋባን ጀምሮ ስሞክር ኖሬያለሁ። ያን ሁሉ ማስታወቂያ መጀመሪያ የማሳየው ለእሱ ነበር። ‹ጥሩ ነው› ይለኛል። ምን ብለሽው ነው የሚስቀው?»

«ምንም አልለውም። የዋልኩበትን ነው የምነግረው። ደንበኞቹን እያስመሰልኩ።»

«እስቲ አንዷን አስመስዪልኝ።»

ተናድጄ ስለነበር እሳቸውን ራሳቸውን አስመሰልኩ፤ ሻንጣቸውን በእግራቸው ገፋ እያደረጉ ሻርፑን እንዴት እንዳሸተቱት፣ «ባልሽ ሌላ ምን ይወዳል» ሲሉ ከንፈራቸው እንዴት እንደጠበበ። አልሳቁም። «ቀናሁብሽ» አሉኝ። እኔም የዚያን ቃል ትርጉም አላውቅም ነበርና፣ «እኔም በእርስዎ» ብዬ በሩን ዘግቼ ወጣሁ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሰው ልከው አስጠሩኝ። ለዱቄት ወተት በሚሠሩት የሬዲዮ ማስታወቂያ ላይ ዋጋ የምትከራከር ሴት እንድሆን ፈለጉ፤ ያንን በአማርኛ ቅላፄ የተበላሸ ሶማልኛዬን እንዳላስተካክለው አስጠነቀቁኝ። ማስታወቂያው ከተላለፈ በኋላ ሚኒባስ ውስጥ ሂሳብ ልከፍል ስናገር ሰው በድምፄ አውቆኝ ዞሮ ያየኝ ጀመር፣ ገበያዬም ተመለሰ። የሠራነው ሥራ ናይሮቢ ተወዳድሮ ሲሸለም፣ ወይዘሮ ሱሀይላ መድረክ ላይ ወጥተው በእንግሊዝኛ «ቃሉ የጣውንቴ ነው» ብለው ቢናገሩ፣ አዳራሹ ቀልድ መስሎት በሳቅ ፈረሰ። የዳሀቦን አግዳሚ ወንበር ግን አላነሱትም። ጠይቄያቸው ነበር፤ «እሱ ሌላ ጉዳይ ነው» አሉኝ።

በዚህ ዓይነት ዓመታት ሄዱ። ታርቀዋል የሚለን ሰው ነበር፤ ተሳስቷል። እሳቸው አዲስ መጋረጃ ሲሰቅሉ እኔ የተሻለ እሰቅላለሁ፣ እኔ ለዒድ የሠራሁት ምግብ ሲመሰገን እሳቸው በሚቀጥለው ዒድ ምግብ አብሳይ ይቀጥራሉ። ልጄ ፊልሳን ከፍ ስትል ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ቢሯቸው መሄድ ጀመረች፤ «ኡሚ ሱሁ»፣ እናቴ ሱሁ፣ ነበር የምትላቸው። አንድ ቀን ለሱቄ ታፔላ የመረጥኩትን ጽሑፍ አንብባ፣ «እማ፣ ይሄ ቃል ደክሟል» አለችኝ፤ አነጋገሩ ቁርጥ የእሳቸው ነው። ባል መካፈልን ሸሪዓው አሳውቆኛል፤ ልጅ መካፈል እንደሚመጣ ግን ማንም አልነገረኝም።

በ2016 ዓ.ም. ወይዘሮ ሱሀይላ የጡት ካንሰር ተገኝቶባቸው አዲስ አበባ፣ ከዚያም ቱርክ ሄደው ሲታከሙ ቆዩ። ሐኪሞቹ ከዚህ በላይ የሚደረግ እንደሌለ ሲነግሯቸው፣ ልጃቸው ሀይደር ወደ ዱባይ ሊወስዳቸው ቢለምናቸውም፣ «ፉዓድን ለሷ ትቼላት?» ብለው ወደ ሐርጌሳ ተመለሱ። አቶ ፉዓድ እስከዚያ ድረስ የሁለታችንንም የአዳር ተራ አጉድለውብን አያውቁም ነበር። እኔ ተራዬን ለወይዘሮ ሱሀይላ ሰጠሁ። በደስታ አልሰጠሁም፤ እያለቀስኩ፣ የአቶ ፉዓድን ልብስ በፌስታል አድርጌ ራሴ ወስጄ አስረከብኩ። በር ላይ ሲቀበሉኝ በምርኩዝ ነበሩ።

«አላመሰግንሽም» አሉኝ።

«አልጠበቅሁም» አልኳቸው። ሆኖም ግቢ ብለውኝ ገባሁ።

ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ የነገሩኝ በዚያን ዕለት ነው። ሀይደር ወይም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ቢያነበው ይሻላል ብዬ ብከራከር፣ «ዕድሜዬን ሙሉ ምስጋና ስጽፍ ኖሬያለሁ» አሉ፤ «ሰው የሻጩን ምስጋና አያምንም፣ የዘመድንም አያምንም። ከፊት ለፊት ያለው ሱቅ ‹ዕቃዋ ጥሩ ነው› ሲል ግን ያምናል። አንቺ አንብቢው። ቀናተኛ ነበረች በይ፤ ከዚያ ሌላ ምንም ብትዪ ያምኑሻል።»

እንግዲህ እላለሁ፤ ቀናተኛ ነበሩ። በሰላም የተቀመጠች ሴት ላይ የዓለምን ጥበብ ሁሉ ይዘው የዘመቱ፣ የወደዱትን ላለመልቀቅ የተከበረ ወንበራቸውን ጥለው የመጡ ሰው ነበሩ። ሥራቸውም ከማንኛችንም ሥራ የበለጠ ነበር፤ ይህን ስል ጥርሴን ነክሼ ነው።

ወይዘሮ ሱሀይላ በሕመማቸው ምክንያት ባለፈው ማክሰኞ ከዙህር ሶላት በኋላ፣ ባለቤታችን አቶ ፉዓድ እጃቸውን እንደያዙ፣ ሸሃዳቸውን ብለው በተወለዱ በሃምሳ ሦስት ዓመታቸው ወደ አኼራ ተሻግረው በዚያው ቀን ተቀብረዋል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አቶ ፉዓድ አሕመድ ዳጋህ ካለው ቤት አልወጡም። ማታ ምግብ ይዤ ሄጄ፣ የሚያስቃቸውን ሁሉ ሞከርኩ፤ ዳሀቦን አስመሰልኩ፣ አንድ የጉምሩክ ሰው አስመሰልኩ። «ጥሩ ነው» አሉኝ። ያን ጊዜ ወይዘሮ ሱሀይላ በናይሮቢም በዱባይም ይህችን ቃል እየሰሙ እንዴት እንደኖሩ ገባኝ፤ ገብቶኝም ተናደድኩ፤ ሞተው እንኳ ቀደሙኝ።

ወይዘሮ ሱሀይላ ባለቤታቸውን አቶ ፉዓድን፣ ልጃቸውን ሀይደርን፣ እንደ ልጃቸው ያዩዋትን ፊልሳንን፣ በየአገሩ ያሠለጠኗቸውን ባለሙያዎችና ጣውንታቸውን ዊዳድን ትተው ሄደዋል። በእሳቸው ላይ ሐቅ ያላችሁ ሁሉ ዐውፍ፣ ይቅር በሏቸው። እኔ ለወሰዱብኝ ገበያ፣ ላሳለፉብኝ ምሽት፣ ለልጄም ልብ ዐውፍ ብያለሁ። ቅናቴ ግን ሐቅ ስላልሆነ እኔው ዘንድ ይቆያል።

ያ ረቢ፣ ቀብራቸውን አስፋላቸው፣ ኑርም ሙላላቸው፣ ከጀነተል ፊርደውስ ሰዎችም አድርጋቸው። የጀነት ሰዎች ከልባቸው ቂም ተነቅሎ ፊት ለፊት እንደሚቀመጡ በቁርኣን ነግረኸናልና፣ ወይዘሮ ሱሀይላንና እኔን እንደዚያ አስቀምጠን፤ አቶ ፉዓድ ከማናችን ጎን እንደሚቀመጡ አንተ ታውቃለህ። አሚን።