ጭረት የሌለው ቆዳ

አያ ቢያዝን ቆዳውን ከወይዘሮ ሥራነሽ ደጅ ጥሎ መደቡ ላይ ከተቀመጠ ቆይቷል። «ቡሬዋ ገደል ገባችብኝ» ብሎ አንዴ ተናግሯል፤ ከዚያ ወዲያ የሚጨምረው የለውም። ባገሩ ልማድ የሰው ላም ጥጆቿን ሊካፈል ለርቢ ይዞ የሞተችበት ሰው ቆዳዋን ለባለቤቷ አምጥቶ ያሳያል። ባለቤቷም «እግዜር ይተካው» ካለች ነገሩ እዚያው ያልቃል። እሱም የቸኮለው ይህችን ቃል ሰምቶ ውልቅ ለማለት ነው። ከላሟ ልጆች ወይፈኑን ድርሻዬ ብሎ ወስዷል፤ የሥራነሽ ድርሻ የሆነችው እርጉዝ ጊደር ግን ገና እሱ በረት ናት። የእናቷ ጡት የነጠፈባት የሥራነሽ የልጅ ልጅ ወተት የምትጠብቀው ከዚያች ጊደር ነው።

ሥራነሽ ወደሱ ዞር አላለችም። ጥጥ ከምትፈትለው ጎረቤቷ ከአልጣሽ ጋር ጨዋታ ይዛለች። ፊት ለፊት ብትናገረው በወደደች። ግን ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ከገባ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ ለጦር ሰፈሩ በቅሎዎች ድርቆሽ የሚያቀርበው እሱ ነው፤ እሱን በስሙ ጠርቶ መውቀስ ሰው ያሳስራል።

«ግንቦቱ እንዴት ከረረ አልጣሽ? ቁይ ገበያ ወርደሽ ነበር አሉ፤ ጨው ተገኘ? እኔማ ጉልበቴ እንቢ ብሎኝ ቀረሁ። ዘንድሮ መቼም ሣር የሚባል ነገር ከዓይን ጠፋ። ከብት ያለው ሁሉ ጭንቅ ላይ ነው... ሁሉ ማለቴ እንኳ አይደለም። አንድ የማውቃቸው ሰው አሉ፤ እኒያ ሰው አይጨንቃቸውም። የቀለብ ብልሃቱን እግዜር ለሳቸው አድሏቸዋል።

«ምን ያደርጋሉ መሰለሽ? ድርቆሹ ለበቅሎ ይሄዳል። ባሕር ተሻግሮ የመጣ በቅሎ ጦሙን ይደር እንዴ? ይሉኝታ ያለባቸው ሰው ናቸው። ለገዛ ላሞቻቸው የጤፍ ጭድ አለ። ለሰው ላም ደግሞ... ለሰው ላም አምና ከጎጆው ላይ የነቀሉት የሣር ክዳን አለ። ሃያ ዓመት ጭስ የጠጣ ክዳን። ጭስ እኮ ለሆድ ደግ ነው ይላሉ፤ ትል ይገድላል። ትሉ መሞቱን እንጃ... ብቻ አንዳች ነገር ሞቷል።»

አያ ቢያዝን ጉሮሮውን ጠረገ። የክዳኑን ነገር ማን ነገራት? ከቤተሰቡ በቀር ያየ የለም ብሎ ነበር።

«እኛ ሰዎቹ ሁዳዴን ጾመን በፋሲካ እንፈታለን፤ አይደል? እሳቸው በረት ግን ፋሲካ አይገባም። ከብትን እንዲህ ለጽድቅ የሚያበቃ ሰው የት ይገኛል? የኔዋ ምስኪን ድሮ ስትበላ ታሳፍር ነበር። እሳቸው ዘንድ ገብታ አደብ ገዛች። እኔ ለፍቼ ያላስለመድኳትን እሳቸው በአንድ በጋ...

«እስቲ ይቺን የዘረጋኋትን ቆዳ ዳሰስ አድርጊያት። ስብ የለ፣ ሥጋ የለ፤ ለፋቂ እንኳ ድካም አልተዉም። ደግሞስ ገደል ገብታ አንድ ጭረት አላት? ከድንጋይ ድንጋይ እየተላተመች ወርዳ እንዲህ ደህና መሆን! ዳሌዋ ላይና እዚህ ጎኗ ላይ ብቻ ፀጉሩ እልም ብሏል። ከተኙበት መነሣት ሲያቅት የሚመጣ ይመስላል... እንግዲህ ገደል ውስጥ ተኝታ ከርማ ይሆናል። እኔ ምን አውቃለሁ?»

አያ ቢያዝን ቆዳውን ልብ ብሎ ያየው ገና አሁን ነው። ገፎ ጠቅልሎ አመጣው እንጂ ዘርግቶ አላየውም፤ በድንጋይ ቦጨር ማድረግም አልመጣለትም። አልጣሽ እንዝርቷን አቁማ የተመለጠውን ቦታ ትዳብሳለች። እሷ ያየችውን ደግሞ ሰንበቴው ሁሉ ይሰማዋል፤ ከዚያ ወዲያ ላሙን ለርቢ የሚሰጠው ሰው አያገኝም።

«እኔስ የማዝነው ለሳቸው ነው። ያቺ ጊደር ወር ሳይሞላት ትወልዳለች፤ ሁለት አፍ ሊቀልቡ ነው። ክዳኑም ያለቀ መሰለኝ፤ ሌላ ጎጆ ያፍርሱ? ዛሬውኑ ወስጄ ላሳርፋቸው ብያለሁ። የሰውን ከብት ለባለቤቱ ከመመለስ የበለጠ የቀለብ ቁጠባ አለ? አማቼ እንዳላማው ገመድ ይዞ ወጥቷል። የሚከለክለው ያለ አይመስለኝም...»

አያ ቢያዝን ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ጋቢውን ሰብስቦ ዱላውን ያዘና ተነሣ፤ እሷም ያን ጊዜ ድምፅዋን አለሰለሰች።

«ሰው ውለታ አይረሳም አልጣሽ። እኒያ ሰው ለላሜ የዋሉትን እኔ ብድሩን ልመልስ አልችልም፤ አቅሙም የለኝ። እግዜር ይመልስላቸው። ዕድሜያቸውን ያርዝመው፤ ጥርሳቸው እስኪረግፍ፣ ጉልበታቸው እስኪከዳቸው፣ አንሡኝ አጉርሡኝ እስኪሉ ድረስ ያኑራቸው። ያን ጊዜም ልክ እንደሳቸው ያለ... እንደሳቸው ቆጣቢ የሆነ ጧሪ አያሳጣቸው።»