የውሻ ዋና

ምክር ሁልጊዜ ደጅ ጠንተው ብቻ የሚያገኙት ነገር አይደለም፤ መንገድ ላይ ጠብቆ የሚቀበልም አለ። ጋሼ ሸዋንግዛው በአንድ ቅዳሜ ረፋድ በሚኖሩበት የፈረንጅ አገር ከተማ፣ በፌርፋክስ ጎዳና የሱፐርማርኬት ጋሪ እየገፉ ሲሄዱ፣ የጎረቤታቸው ልጅ ሔለን ከአውቶቡስ ወረደች። ጋሪው ውስጥ የተጋደመው ሽንኩርት ወይም ዘይት አልነበረም፤ ዳማ የሚባለው ወፍራም ውሻ ነበር።

«እንዴት አረፈዱ ጋሼ? ዳማ ከመቼ ወዲህ ነው ባለመኪና የሆነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምን ላድርግ ልጄ፣ ጉልበቱ ከዳው። ከሐኪም እየመለስኩት ነው።»

ውሻው የልጃቸው የምንትዋብ ነው። ሲያትል ሥራ አግኝታ ስትሄድ፣ «አባዬ፣ እስክመለስ አደራ» ብላ ማሰሪያውን አስጨበጠቻቸው። ጋሼ ውሻን ደጅ እንጂ ቤት ውስጥ አያውቁትም ነበር። አሁን ግን ማታ ማታ ደረጃው ላይ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ውሻውም እሳቸውም እኩል ቀና ይላሉ። ኮቴው አልፎ ይሄዳል። ለሰው ያልነገሩትን ናፍቆት የሚያውቅባቸው እሱ ብቻ ነው።

«ሐኪሙ ምን አለዎት?»

«ደግ ሰው ነው። ካልተሻለው ‹ፑት ሂም ቱ ስሊፕ›፣ አስተኛው አለኝ። እኔ ደግሞ ቀድሞ ገብቶኛል፤ ፍራሽ ገዝቼለት ቀኑን ሙሉ አስተኛዋለሁ። ሥጋም አላጓድልበትም።»

ሔለን የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ነበረች። ጋሪውን ያዝ አድርጋ አስቆመችው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እሱ እንቅልፍ ማለት አይደለም። በመርፌ እንገድለዋለን ማለቱ ነው።»

ጋሼ ጎንበስ ብለው ዳማን አቀፉ። «መርፌ? እኔኮ እጅ ነሥቼ ታንክ ዩ ብዬው ወጣሁ! ምንትዋብ ስትመጣ ምን ልላት ነው? አደራ በላ አባት ልባል?»

«ኦኬ፣ አይደንግጡ። ካልተሻለው ነው ያለው። ሌላ ምን አለ?»

«ስለ ስዊሚንግ ያወራል። የፈረንጅ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁለት።»

«መድኃኒቱ እኮ እሱ ነው!»

«ተይ እንጂ! በሽተኛ ጠበል ይገባል እንጂ ዋና ይገባል? ሰው በሚታጠብበት ውሃ ውሻ ሲንቦራጨቅ ነውር አይደለም? ደግሞስ ማን ያስተምረዋል?»

«ልጅ ሆነው ወንዝ ይወርዱ ነበር?»

«እንዴታ! ጀማ ዳር ተወልጄ!»

«ምን ዓይነት ዋና ነበር የሚዋኙት?»

«የውሻ ዋና ነዋ፣ ሌላ ምን...» አሉና ቃሉ አፋቸው ላይ ቀረ።

«አዩ! ዋናን ከውሻ ተምረው፣ ለውሻ ሊነፍጉት?»

ጋሼ ሳይወዱ ሳቁ። ሔለን ግን ቁም ነገሯን ቀጠለች። «መሬት ላይ ያ ሁሉ ክብደት የሚያርፈው በታመመው ጉልበቱ ነው። ውሃ ግን ይሸከምለታል። ሶ፣ ብዙ ሳያመው እግሩን ያንቀሳቅሳል፤ ጡንቻው ይጠነክራል፤ ልቡም ይበረታል። ታዲያ አይገፈተርም፤ አንዳንዱ ውሻ ውሃ አይወድም። ተንሳፋፊ ሰደርያ አልብሰው ያስገቡታል፤ ጥቂት ዋኝቶ ያርፋል፤ ሲወጣ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል፤ ጆሮውን ያደርቁለታል። ሥጋውንም ይቀንሱለት።»

«ሥጋውስ ምን አድርጎሽ ነው?»

«ለምንትዋብ ያለዎት ፍቅር ሁሉ እሱ ሆድ ውስጥ ገባ፣ ጋሼ።»

ጋሼ የዳማን ሆድ ዳበሱ። ልማዳችን የምንወደውን አብላው፣ አስተኛው ይለናል። ስንቱን በዚህ ደግነት አሽመድምደነዋል!

የሔለን አስተማሪ ሳንታ ሞኒካ በሚባለው ሰፈር ባለው ቤቱ ጓሮ ለውሾች ያሠራው ገንዳ ነበረው፤ ሐኪሙም ተጠይቆ ፈቀደ። መጀመሪያ ቀን ዳማ ተንቀጠቀጠ፤ ጋሼም ሱሪያቸውን ሰብስበው ገብተው ሆዱን ደገፉት። ሳምንታት እያለፉ ሲሄዱ ክብደቱ ቀነሰ፤ ጋሪው ቀረ፤ በእግሩ መሄድ ጀመረ። ጋሼ ራሳቸው ከቴሌቪዥናቸው ተነሥተው ፀሐይ አዩ፤ እንቅልፋቸውም ተስተካከለ። ለሚያገኙት ሁሉ፣ «ዕረፍት ብቻውን መድኃኒት አይሆንም፤ ለውሻም ለሰውም እንቅስቃሴ ያሻዋል» ማለት አበዙ።

አንድ ቀን ዳማ ገንዳው መካከል ሳለ ከአጥሩ ወዲያ የአንዲት ልጅ ሳቅ ተሰማ። የምንትዋብን ይመስላል። ዳማ ጆሮውን አቅንቶ ወደ በሩ ቀዘፈ፤ ጋሼም በቆሙበት ወደ በሩ ዞሩ። ልጅቷ እየሳቀች አልፋ ሄደች።

ዳማ ጥቂት ጠበቀ። ከዚያ አንገቱን አዙሮ፣ በአራት እግሩ ውሃውን እየገፋ፣ ቀጥታ ወደ እሳቸው መጣ። ጋሼ ሁለት እጃቸውን ዘረጉለት።

«ና ልጄ» አሉት።