ባንኩ ዳግም በተከፈተ ጠዋት

የሰፈራችን ባንክ ከስሮ ከታሸገ በኋላ መንግሥት ገብቶበት ዳግም በተከፈተ ጠዋት፣ እኔም እንደ ሰው ሁሉ ያለችኝን ላወጣ ሄድኩ። መምህር እንደመሆኔ ነገሩን በእርጋታ ማየት ይገባኝ ነበር፤ ነገር ግን ፍርሃት የተማረና ያልተማረ አይለይም። ሰልፉ ከባንኩ በር ተነሥቶ የሰፈሩ ክሊኒክ ፊት ለፊት ደርሷል። ያስደነቀኝ ብዛቱ ሳይሆን ዝምታው ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ አንዲት በር እያየ ትንፋሹን ውጦ ቆሟል።

ከፊቴ ያሉት ጣሪያ ሠሪው ሽማግሌ ጎረቤቴ ነበሩ። ሁሉን ስለሚጠራጠሩ ሰፈሩ «አባ ጠርጥር» ይላቸዋል። የወንድማቸው ልጅ በዚያ ስታልፍ አየቻቸውና ቆመች። ባንኮችን በሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ሂሳብ አዋቂ ናት።

«እንደምን አደሩ አጎቴ? እርስዎም መጡ?»

«ምን ላድርግ ልጄ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ጣሪያ ላይ ተንጠልጥዬ ያጠራቀምኩትን ሌባ በላው። አሁን ደግሞ መንግሥት ሌባውን በእኛ ግብር ሊያድን ነው ይባላል። ድሃ ሲከስር ዕጣው ነው፤ ሀብታም ሲከስር የአገር ጉዳይ ይሆናል።»

ሰልፈኛው ራሱን ነቀነቀ። እኔም በልቤ «እውነታቸውን ነው» አልኩ።

«ይፍቀዱልኝና ልጠይቅዎ» አለች ልጅቱ። «ሰው የተኛበት ቤት ምሰሶው በስብሶ ቢያገኙ ምን ያደርጋሉ?»

«ከበሰበሰማ ይጣላል።»

«ሰዎቹ ከሥር እንደተኙ?»

«እንዴት ተደርጎ! መጀመሪያ ድጋፍ አቆማለሁ፤ ጣሪያው ከረጋልኝ በኋላ የበሰበሰውን አወጣለሁ።»

«የተደረገውም ይኸው ነው። ባለአክሲዮኖቹ ድርሻቸውን አጥተዋል፤ ሥራ አስኪያጁ ተባሮ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ነው። የተደገፈው የእርስዎና የዚህ ሰልፍ ቁጠባ ነው።»

«የድጋፉን እንጨት ማን ገዛው?»

«አብዛኛው የተገዛው ባንኮች ሁሉ ለክፉ ቀን ብለው ካዋጡት ገንዘብ ነው። የጎደለውን መንግሥት ሞላ፤ የባንኩ ንብረት ተሽጦ ይመለሳል ተብሏል። ካልበቃ ግን ከሁላችን ኪስ ነው፤ አልዋሽዎትም።»

«እናንተስ ሲበሰብስ የት ነበራችሁ?»

አንገቷን ደፋች። «ዘግይተን ነው ያየነው። በዚህ ቢወቅሱን ይገባናል።»

ከማስረጃዋ ሁሉ ይልቅ እኔን የረታኝ ይህ ቃሏ ነው። የሽማግሌውም ድምፅ ለዘብ አለ።

«እሺ፣ ገንዘባችን እዚያ ውስጥ ካለ ለምን ሁላችንንም በአንድ ቀን አይከፍሉንም?»

«እዚያ ውስጥ የለማ አጎቴ» አለችና ወደ ክሊኒኩ አመለከተች። «ያንን ጣሪያ የሠሩት እርስዎ አይደሉ? ክሊኒኩ ለእንጨቱም ለእጅዎ ዋጋም የከፈለው ከዚህ ባንክ ተበድሮ ነው። የእርስዎም የእኚህ መምህርም ቁጠባ ተሰብስቦ ያንን ሆነ። ሁላችንም ዛሬውኑ አምጡ ካልን፣ ጣሪያው ይነቀል እንደማለት ነው።»

ሽማግሌው ቀና አሉ። ቆርቆሮው ላይ የጠዋት ፀሐይ አርፋበታለች፤ ከሥሩ እናቶች ሕፃናት ታቅፈው ተራ ይጠብቃሉ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ሚስማሩን የመታሁት እኔ ነኝ» አሉ በዝግታ፤ «የእኔም እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር።»

እኔም ጣሪያውን ቀና ብዬ አየሁት። ስም ለስም እንኳ የማንተዋወቅ ሰዎች ሳይታወቀን ስንት ቤት አብረን አቁመናል?

በሩ ተከፈተ። ተራቸው ሲደርስ ገንዘብ ከፋይዋ «ሁሉንም ነው አባቴ?» ስትል ጠየቀቻቸው። ዘወር ብለው ሰልፉን አዩ፤ ሰልፉም እሳቸውን አየ።

«የሳምንት ወጪዬ ይበቃኛል። ሌላው ሥራ ላይ ነው፤ አታስነሱት።»

ከኋላ አንዱ ሳቀ፤ ሌላውም ተከተለው። ሰዉ አንድ ሁለት እያለ ወደ ሥራው ተበተነ። እኔም ሳላወጣ ተመለስኩ።

ባንኩ ጸንቶ ቆመ፤ ክሊኒኩ አልተዘጋም፤ ደመወዝተኛውም ደመወዙን አገኘ። ፍራሽ ሥር የተደበቀ ገንዘብ ግን ለባለቤቱ እንቅልፍ ከመንሳት በቀር የሚሠራው የለም። ሆኖም ማመን ማለት ዓይንን መጨፈን እንዳልሆነ ሽማግሌው አስተማሩን። ዛሬ በቆጣቢዎች ስብሰባ ሁሉ የፊት ወንበር ይዘው «ለማን አበደራችሁ? መመለሱንስ በምን አወቃችሁ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ የባንኩ ሹማምንትም ከመቀመጫቸው ተነሥተው ይመልሱላቸዋል።